ከህንድ ፊልም ውስጥ ገበሬው የት ገባ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ዓምድ ላይ የህንድ ፊልም የምዕራቡን ዓለም ልብስና ልማድ በመቅዳቱ ቀድሞ የነበረውን ግብረ ገብ አጥቷል፣ ልጆቻችንንም እያበላሸ ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ያነሡት ሥጋት የብዙ ወላጆች ሥጋት በመሆኑ በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ እኔም በሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁና የልጅ ልጆች ያሉኝ ሰው እንደ መሆኔ ሥጋቱን እጋራለሁ። ይሁን እንጂ የጽሑፉ ክስ በአጭር ቀሚስ፣ በመሳሳምና በጭፈራ ቤት ላይ ብቻ መወሰኑ ዋናውን ጉዳይ ያስመለጠ ስለ መሰለኝ፣ የህንድ ፊልም ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲያይ እንደ ኖረ ሰው ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ሐሳቤን ባጭሩ ላስቀድም። የህንድ ፊልም ከምዕራቡ ጋር የተዋወቀው ትናንት አይደለም፤ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አብሮት ኖሯል። የተለወጠው ፊልሙ የሚሠራለት ሰው ነው። ድሮ ታሪኩ ለገበሬውና ለወዝ አደሩ ይነገር ስለ ነበር የገበሬውን ዕዳ፣ ክብርና ይሉኝታ ይዞ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው የሚሠራው ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ ለሚገባው ከተሜና በውጭ አገር ለሚኖረው ህንዳዊ ነው፤ ገበሬው ከታሪኩ ሲወጣ ያፍርበትና ይፈራው የነበረው ነገር ሁሉ አብሮት ወጣ።

ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጠቀስሁ ወደ መነሻው ልመለስ። የህንድ ፊልም አባት የሚባለው ዳዳሳሄብ ፋልኬ ወደ ሥራው የገባው ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ከተማ ውስጥ ስለ ክርስቶስ ሕይወት የተሠራ የውጭ ፊልም አይቶ፣ የእኛንስ አማልክት በዚህ መልክ ለምን አላሳይም በሚል ቅናት ነበር። በ1913 ያወጣው ራጃ ሃሪሽቻንድራ ቃሉን ላለማጠፍ ሲል መንግሥቱን፣ ሚስቱንና ልጁን ያጣ ንጉሥ ታሪክ ነው፤ ለእኛ አንባቢ ኢዮብን ሳያስታውሰው አይቀርም። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ በፊልም መታየት ነውር ስለ ነበረ ንግሥቲቱን ሆኖ የተጫወተው ወንድ ነው፤ በዚህ ረገድ የእኛም የቀድሞ ቴያትር ከዚያ የተለየ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1933 በወጣው ካርማ በተባለው ፊልም ደግሞ በእውነተኛ ሕይወታቸው ባልና ሚስት የነበሩት ሂማንሹ ራይና ዴቪካ ራኒ በረጅሙ ሲሳሳሙ ይታያሉ። ስለዚህ መሳሳም በሳተላይት ዲሽ የገባ ነገር ነው የሚለው ክስ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም፤ ከነጻነት ወዲህ በ1952 በወጣው የሲኒማቶግራፍ ሕግ የተደገፈው ሳንሱር ከልክሎት ቆይቶ ኋላ የተመለሰ ነው። ራጅ ካፑርም በ1951 በወጣው አዋራ ላይ ለመላው ዓለም ያስተዋወቀውን ባዶ ኪስ መንገደኛ የቀዳው ከቻርሊ ቻፕሊን ነው፤ በ1975 የወጣው ሾላይም የአሜሪካ ካውቦይ ፊልሞች ውላጅ ለመሆኑ ፈረሱና ጠመንጃው ምስክር ናቸው። ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች የውጭውን ዱቄት ተቀብለው በራሳቸው ምጣድ መጋገራቸው ነው።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የህንድ ፊልም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው በ1957 የወጣውን፣ መህቡብ ካን ያዘጋጀውንና ናርጊስ መሪ ሆና የተጫወተችበትን ማዘር ኢንዲያን ነው። ርእሱ እንኳ ካትሪን ማዮ የተባለች አሜሪካዊት በ1927 የህንድን ባህል አዋርዳ የጻፈችውን መጽሐፍ ለመመለስ ሆን ተብሎ ከመጽሐፉ የተወሰደ ነው። ታሪኩ የሚነሣው ከሠርግ ዕዳ ነው። ራዳ የምትባለው ሙሽራ አማት ለድግሱ ከመንደሩ አራጣ አበዳሪ ከሱኪላላ 500 ሩፒ ይበደራሉ፤ የውሉ ቃል ሲያከራክር የመንደሩ ሽማግሌዎች ለአበዳሪው ይፈርዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቤተ ሰቡ የምርቱን ሦስት አራተኛ ለወለድ ሲያስረክብ ይኖራል። ባልየው ድንጋያማ መሬት ለማልማት ሲታገል ቋጥኝ ተጭኖት ሁለት እጆቹን ያጣል፣ በሚስቱ ጫንቃ ላይ ሸክም መሆኑም አንገብግቦት ጥሏቸው ይጠፋል። የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ተበድሮ መሬቱን በወለድ አገድ ያስያዘ፣ ዋናውን እስኪከፍል ድረስም በአባቱ ርስት ላይ ሌላው ሲያርስ ከድንበሩ ማዶ ቆሞ ያየ ሰው ታሪክ በየቤቱ ሲነገር ያደግን ነን። ናርጊስ በሬ አጥታ ሞፈሩን በገዛ ትከሻዋ ስትጎትት ያየ የአገሬ ሰው ከንፈሩን የሚመጠው ለህንዳዊት አልነበረም።

የፊልሙ ማብቂያ ዛሬም ያስደነግጠኛል። ታናሹ ልጅ ቢርጁ ሸፍቶ አራጣ አበዳሪውን ይገድለዋል፤ እስከዚህ ድረስ ተመልካቹ ከልጁ ጋር ነው፣ ደም ተመለሰ ብሎ እፎይ ይላል። ልጁ ግን በዚያ አላበቃም፤ የሟቹን ሴት ልጅ በሠርጓ ዕለት ጠልፎ በፈረስ ሊወስዳት ሲል እናቱ ጠመንጃ አንሥታ በገዛ እጇ ትጥለዋለች። ያተረፈቻት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ላቧን ሲመጥ የኖረ ጠላቷ የወለዳት ናት። የወገን ልጅ ምንም ቢያጠፋ ይሸፈናል በሚባልበት አገር፣ የእኛንም ይጨምራል፣ አንዲት ማይም ገበሬ ለጠላቷ ልጅ ክብር ስትል የማኅፀኗን ፍሬ ስትሠዋ ማየት ስንት ስብከት የሚተካው ነገር ነው? ጸሐፊው አጣነው የሚሉት ግብረ ገብ ይህ ከሆነ እኔም አብሬያቸው አለቅሳለሁ።

ነገር ግን የድሮው ሁሉ እንደዚህ አልነበረም። ከሃምሳዎቹ እስከ ሰባዎቹ በተሠሩት ብዙ ፊልሞች ሳሪ የተባለውን የህንድ ልብስ የለበሰችው መልካም ሴት፣ የፈረንጅ ልብስ የለበሰችውና መጠጥ የያዘችው ግን የክፉው ሰው ዳንሰኛ ነበረች፤ ሄለን የተባለችው ተዋናይ በዚህ ቦታ ለብዙ ዓመታት ስትጨፍር ኖራለች። በ1970 የወጣው ፑራብ ኦር ፓሽቺም ላይ ለንደን ውስጥ ያደገችው ልጅ ቢጫ ጠጕር ለብሳ፣ ሲጋራ እያጨሰች ትገባለች፤ ህንድን ካየች በኋላ ሳሪዋን ለብሳ ትታረማለች። ይህን ዓይነቱን ትምህርት እኔ ርካሽ ነው እላለሁ። ተመልካቹ የዳንሰኛዋን ገላ በዓይኑ ሲጠጣ ቆይቶ ሲያበቃ በአፉ ይኰንናትና ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሴት ልጅ ጠባይ በቀሚሷ ርዝመት እንዲለካ ካስተማሩን መካከል እነዚህ የምናመሰግናቸው ፊልሞች አሉበት።

ለውጡ ጎልቶ የታየው ከ1991 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ህንድ ኢኮኖሚዋን ለውጭ ባለሀብት ከፈተች፤ ስታር ቲቪ የተባለው የሳተላይት ስርጭት በዚያው ዓመት፣ ዚ ቲቪ ደግሞ በ1992 ወደየቤቱ ገባ። ሽግግሩን ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው በ1995 የወጣው፣ ሻሩክ ካንና ካጆል የተጫወቱበት ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ ነው፤ ሙምባይ ውስጥ በሚገኘው ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት ከ1,000 ሳምንት በላይ ያለማቋረጥ ታይቷል። ሁለቱ ወጣቶች ያደጉት ለንደን ነው፣ የሚዋደዱትም አውሮፓ ሲዞሩ ነው፤ ልጅቱ ግን ለአባቷ ወዳጅ ልጅ በቃል ታጭታለች። የልጅቱ እናት ራሳቸው ወርቃቸውን አውጥተው ይዘሃት ጥፋ ሲሉት፣ ልጁ አባትየው በገዛ እጃቸው ካልሰጡኝ አልወስዳትም ብሎ እምቢ ይላል። ሽማግሌ ሳይልክ፣ ደጅ ሳይጠና ልጅ መውሰድ ውርደት በሆነበት በእኛ አገር ይህ ፊልም የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጃኬቱ የፈረንጅ፣ ልቡ ግን የአማች ነው። እንግዲህ የምዕራቡ ተጽዕኖ ሁሉ ግብረ ገብ ያጠፋል ከተባለ ይህን ፊልም ከየትኛው ወገን እናስቀምጠዋለን?

ወዲያው ግን ገንዘቡ መንገዱን ለወጠ። በ1997 በዴልሂ ከተማ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ አዳራሽ የያዘ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሲኒማ ተከፈተ፣ በ1998 መንግሥት ለፊልም ሥራ የኢንዱስትሪ ዕውቅና ሰጠ፣ ከለንደንና ከኒው ዮርክ የሚሰበሰበውም ገቢ እየገዘፈ ሄደ። በድሮው ሰፊ አዳራሽ ከፊት በርካሽ ትኬት የሚቀመጠው ሪክሾ ነጂ ካላፏጨ ፊልሙ ይወድቅ ስለ ነበር አዘጋጁ ለእርሱም ማሰብ ነበረበት፤ በአዲሱ አዳራሽ ግን ያ ሰው በር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በመጡት ብዙ ፊልሞች ሰዎቹ ሜልቦርን ወይም ማንሃተን ይኖራሉ፣ ቤታቸው መስተዋት በመስተዋት ነው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። በ2006 የወጣው ካቢ አልቪዳ ና ኬህና ኒው ዮርክ ውስጥ ትዳር ኖሯቸው እርስ በርስ ስለ ተዋደዱ ወንድና ሴት የሚተርክ ነው። ያስደነገጠኝ ዝሙቱ አይደለም፤ ዝሙትማ በዳዊት ታሪክም ተጽፏል። ያስደነገጠኝ የልጅቱ አማት በሞት አልጋው ላይ ሆኖ፣ ፍቅር በሌለበት ትዳር መቆየት ልጄንም መበደል ነውና ፈትተሽው ሂጂ ብሎ ሲመክራት ነው። የእኛ አገር ሰው በኑዛዜው ዕዳውን ይናገራል፣ የመሬቱን ድንበር ያመለክታል፣ የተጣሉትን ልጆች አስታርቆ እጅ ለእጅ ያያይዛል፤ ነፍስ አባቱ ባለበት አፍርሱ ብሎ የሞተ አባት በዘመኔ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ምክር የሚሰጠው ተዋናይ ደግሞ አሚታብ ባቻን ነው። በ1975 በወጣው ዲዋር ላይ ኮንትሮባንዲስት ሆኖ ሕንፃና መኪና ሲያፈራ፣ እናቱ ግን ሀብቱን ንቃ ከፖሊሱ ወንድሙ ጋር ለመኖር ትታው የሄደችው ያው ሰው ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ ተዋናይ ፊት ላይ እንዲህ ይነበባል። ሆኖም ሽማግሌው የሚናገረው በቅንነት መሆኑን፣ በውሸት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ልጅ ሲያሳድጉ ምን እንደሚመስል በመንደራችንም እንደምናውቅ ልክድ አልችልም፤ ባልስማማበትም በዋዛ የተነገረ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ደጅ ልምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ከሹፌሩ ጀርባ በተሰቀለው ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ይታይ ነበር። ደብረ ሲና ልንደርስ የጣርማበርን ቍልቍለት ስንወርድ በአጭር ቀሚስ የሚጨፈርበት ዘፈን መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ከመሐል ሜዳ የመጡ መሆናቸውን የነገሩኝ እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አማተቡ፤ ከኋላ አንድ ጎልማሳ ኧረ ዝጋው ልጆች አሉ ብሎ ተቈጣ፤ ረዳቱም እየሳቀ ዘፈኑን አሳለፈው። ጥቂት ቆይቶ አክተሩ እምቢ ያለችውን ልጅ መንገድ ላይ ሲከተላት፣ ክንዷን ጠምዝዞ ሲይዛት፣ በጥፊም ሲላት ታየ። ዝጋው ያለ ማንም አልነበረም። አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ፤ የተቈጣው ጎልማሳም አብሮ ሳቀ። ልጆቹም ያንን ሳቅ ሰሙ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ግብረ ገብን የምንለካበት ሚዛን የት ላይ እንደ ተጣመመ ይህ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። እምቢ ያለችን ሴት እስክትለምድህ ተከተላት የሚለው ትምህርት ከምዕራብ የመጣ አይደለም፤ በህንድ ፊልም ውስጥ በጥንቱም ዘመን በዘፈን ታጅቦ ነበረ። ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩን፣ በደቡብ ህንድ ካለችው ከኬረላ የመጡ የሒሳብ መምህር፣ የህንድ ፊልም ሁሉ አንድ አይደለም፣ እናንተ የምታዩት የቦምቤዩን የሂንዲ ፊልም ነው ይሉን ነበር፤ አሁን ወጣቶቻችን የሚሻሙት ከደቡብ ህንድ የሚመጣውን፣ ቴሉጉና ካንናዳ በተባሉ የዚያው አካባቢ ቋንቋዎች የሚሠራውን ፊልም ሆኗል። እዚያ ጫካውና ወዝ አደሩ ተመልሰዋል፤ ነገር ግን ምን ይዘው? በ2021 የወጣው የቴሉጉ ፊልም የፑሽፓ መሪ ተዋናይ ከጉልበት ሠራተኛነት ተነሥቶ የቀይ ሰንደል እንጨት ኮንትሮባንድ ንጉሥ ሲሆን፣ የወደዳት ልጅ እንድታየውና ፈገግ እንድትልለት በጓደኛው በኩል ገንዘብ ይከፍላል። በ2023 የወጣው አኒማል የተባለው የሂንዲ ፊልም ደግሞ ፍቅሯን ለማረጋገጥ ጫማውን እንድትልስ አንዲትን ሴት የሚያዝ ጀግና አቅርቧል። በሌላ በኩል ጸሐፊው የምዕራብ አስተሳሰብ ያሉት ነገር ያፈራቸው አሉ፤ በ2016 በወጣው ፒንክ ያው አሚታብ ባቻን ጠበቃ ሆኖ የሴት ልጅ እምቢታ እምቢታ ነው ብሎ ይከራከራል፣ በ2020 በወጣው ታፓድ ደግሞ በእንግዳ ፊት አንዲት ጥፊ የቀመሰች ሚስት ለምን ችላ አትኖርም እያሏት ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ጠለፋ ያየ አገር ሰዎች ነንና ይህን በዋዛ ማለፍ አይገባንም፤ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረውን ቀዳዳ የደፈነው የእኛው የ1996 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ ከወጣ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም። ሴት ልጄ በአጭር ቀሚስ የሚጨፈርበትን ፊልም ወይም በጥፊ የሚሳቅበትን ከማየት አንዱን ምረጥላት ብባል አላመነታም።

ገበሬው ፈጽሞ ጠፍቷል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በ2001 የወጣው ላጋን ዝናብ በጠፋበት ዓመት እጥፍ ግብር የተጣለበት መንደር እንግሊዞችን በክሪኬት ሲገጥም ያሳያል፤ በ2004 የወጣው ስዋዴስ ከአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ወደ ገጠር ተመልሶ ለመንደሩ ከውኃ መብራት የሚያወጣ መሐንዲስ ታሪክ ነው፤ በ2010 የወጣው ፒፕሊ ላይቭ በዕዳ የተነሣ ራሳቸውን የሚያጠፉ ገበሬዎችን ጕዳይ በምሬት ያፌዝበታል፤ በ2023 የወጣው ትዌልቭዝ ፌል ደግሞ በመካከለኛው ህንድ የሚገኘው የቻምባል አካባቢ ድኻ ልጅ የዱቄት ወፍጮ ቤት እየሠራ አጥንቶ የፖሊስ መኰንን እንደ ሆነ ይተርካል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ በየጠባቧ ክፍል ሽሮ እየቀቀሉ ለፈተና የሚያነቡ የገጠር ልጆች ይህን የመጨረሻውን ቢያዩ ራሳቸውን ያገኙበታል። በአውቶቡሶቻችንና በየሻይ ቤቱ ግን የእነዚህ ወገን እምብዛም አይታይም። በነገራችን ላይ የእኛዎቹ የአማርኛ ፊልሞችም ከቦሌ ቪላ ወጥተው ገብስ አጫጅ ቤት የገቡት በጣት የሚቈጠሩ ናቸውና ህንዶቹን ስንወቅስ ድምፃችንን ዝቅ ብናደርግ ይሻለናል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ቢተባበር ሁለት ነገር ማሳሰብ እፈልጋለሁ። በህንድ ሲኒማ ቤት የሚታይ ማንኛውም ፊልም የሚጀምረው የምስክር ወረቀቱን በማሳየት ነው፤ ለሁሉ፣ ከወላጅ ጋር ወይም ለአዋቂ ብቻ መሆኑ እዚያ ላይ ተጽፏል፣ በ2023 በተሻሻለው ሕግም ከወላጅ ጋር የሚታየው ከ7፣ ከ13 እና ከ16 ዓመት በላይ ተብሎ እንዲለይ ተደርጓል። አኒማል እዚያ የታየው ለአዋቂ ብቻ ተብሎ ነው። በአማርኛ ተተርጕሞ እዚህ ሲደርስ ግን ያ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ተቈርጦ በምትኩ የተርጓሚው ስልክ ቍጥርና ማስታወቂያ ይገባል። ተርጓሚዎቻችን ያንን ገጽ አስቀርተው የዕድሜ ገደቡን በአማርኛ ቢጽፉበት፣ የአውቶቡስ ማኅበራትም ለመንገደኛ ከማሳየታቸው በፊት እርሱን ቢመለከቱ የሚያስወጣቸው ገንዘብ የለም።

ሁለተኛው ለእናንተ ነው። የኪነ ጥበብ ዓምዱ በየሳምንቱ አንድ የተተረጐመ ፊልም መርጦ ታሪኩን፣ ለማን እንደሚሆንና ወላጅ ከልጁ ጋር አይቶ ምን ሊወያይበት እንደሚችል ቢጽፍ ለብዙ ቤተ ሰብ ይጠቅማል። ቦታ ከሰጣችሁኝ የቻምባሉን ልጅ ታሪክ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌ ለማስረከብ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህር
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ